የሰባት ሹሩባ ዋጋ፦ እህቴን ያስመረመርኩበት የደሴው ክሊኒክ

ኮምቦልቻ ውስጥ ፀጉር ቤት አለኝ፤ ዋጋ የምለካው በሹሩባ ነው። ደሴ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ የሚጥል በሽታ ለተጠረጠረባት ታናሽ እህቴ ኢኢጂ የሚባለውን የአንጎል ምርመራ ሲሠራላት የከፈልኩት የሰባት ሹሩባ ዋጋ ነው፤ ያውም ግማሽ ቀን የሚፈጀውን የቀጭኑን። ካርድና ሐኪም ሌላ ሁለት ሹሩባ። የሚኒባሱን፣ የምሳውን፣ ቤቱ ተዘግቶ የዋለበትን አልቆጠርኩም። ውድ ነው ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ ውድ ነው። ነገ ሌላ ሰው ቢታመምብኝ እዚያው እወስደዋለሁ ወይ ካላችሁኝ፣ እወስደዋለሁ። ለማሽኑ ብዬ ግን አይደለም፤ ማሽኑማ ምንም አላገኘም።

ስሙን አልጠራም። የማመሰግንበትም የምማረርበትም ስላለኝ፣ ስም ጠርቼ ግማሹን ማማት አልወደድኩም። ደግሞም ደሴ ላይ ኢኢጂ የሚሠራ ቦታ እንደ ሻይ ቤት በየበሩ ያለ አይደለም፤ የፈለገ ሰው ጠያይቆ ይደርስበታል።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ጥር ለእናንተ ሰርግ መብያ ነው፤ ለእኛ ለፀጉር ሠሪዎች እንቅልፍ የማይታይበት ወር። ለዚያ እሑድ ሁለት ሙሽራ ተቀብዬ ነበር፤ አንዷ ከሐርቡ፣ አንዷ እዚሁ ከኮምቦልቻ፣ ሁለቱም ከነሚዜዎቻቸው። እህቴ 19 ዓመቷ ነው፣ አብራኝ ነው የምትሠራው፣ እጇ ከእኔ ይፈጥናል (አትንገሯት)። ቅዳሜ ማታ የጀመረችውን ሹሩባ ስትጎነጉን አደረች። በቡና ብቻ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን የመጀመሪያዋን ሙሽራ በቢጎዲን ጠቅልላ ካስክ ሥር አስቀመጠቻትና ፒያስትራውን ልትሰካ ዞር አለች። እጇ ነጠር ነጠር አለ፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ድንገት እንደደነገጠ ሰው። ማበጠሪያው ከእጇ አመለጠ። «ምን ሆንሽ?» ብዬ ሳልጨርስ የእሷ ያልሆነ አንድ ጩኸት ወጣትና እንደ ግንድ ደርቃ ወደቀች።

ቤቱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ ሰው ወደ በር፣ ግማሹ ወደ እሷ። የሙሽራዋ እናት «አትንኳት! አረፋው ከነካሽ ይይዝሻል!» እያሉ ልጃቸውን ጎትተው አስነሷት፤ ሃያ አራት ቢጎዲን ራሷ ላይ እንደታሰረ ነጠላ አከናንበው ይዘዋት ወጡ። (ቢጎዲኖቼ እስከ ዛሬ አልተመለሱም።) በር ላይ የቆመ የባጃጅ ልጅ ገብቶ ክብሪት እየጫረ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዘ። ጎረቤቴ ሻይ የምትሸጠው ሴት ማንኪያ ይዛ መጥታ በጥርሷ መሃል ልትሰካ ታገለች። እኔ ደግሞ ጉልበቷ ላይ ተቀምጬ እንዳትንፈራገጥ እጫናለሁ። አንዲት ረዳቴ ጥግ ላይ ቆማ በስልኳ ትቀርፃለች። እሷን ሳይ ደሜ ፈላ፤ እህቴ ነፍስ ከዘራች በኋላ «ከነገ ጀምሮ ሥራ እንዳትመጪ» አልኳት። ይህቺን ልጅ እመለስባታለሁ።

እዚሁ ኮምቦልቻ ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰድናት። ስኳሯን ለኩ፣ ወባ አዩ፣ እርግዝና አዩ፤ ሁሉም ደህና። በዚህ አልከሳቸውም። ስኳር ሲወርድ፣ ወባ ራስ ላይ ሲወጣ፣ እርጉዝ ሴት ደም ግፊቷ ሲያሻቅብ፣ የለመደ መጠጥ በድንገት ሲቆም ሰው እንደዚያው ይንፈራገጣል፤ ያ ምክንያቱ ሲታከም የሚቆም ስለሆነ የሚጥል በሽታ አይባልም። መጀመሪያ እሱን ማየት ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «አረፋ ደፍቃለች? ሸንታለች?» ሁለቱንም አዎ አልን። ካርባማዜፒን የሚባል የሚጥል በሽታ ኪኒን ተጽፎልን ወጣን። ጠቅላላው ቆይታ ፎን ከማድረግ አይበልጥም።

ቤት ስንመለስ እናቴ ጠበል አለች። ጎረቤታችን ሐጂት ደግሞ «አብሽሪ ልጄ፣ ወዳጃ ተቀምጠን ዱዓ እናደርግላታለን» አሉ። ሁለቱም የሰው ዓይን ነው በሚለው ተስማሙ፤ እኛ ቤት ክርስቲያኑና እስላሙ የሚስማማበት ነገር አይጠፋም። እህቴ ዝም ብላ ኪኒኗን ትውጣለች። በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ግን ሲኒ መስበር ባሰባት። ባሰባት ያልኩት ድሮም ስለምትሰብር ነው፤ ከ16 ዓመቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ ስሟ «የሲኒ ጠላት» ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከነረከቦቱ ለቀቀችው። እናቴ ጮኸችባት። እኔም ጮህኩባት። ያን ጠዋት ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቀላል።

ደሴ ሂዱ ያለችን ደንበኛዬ ናት፣ ነርስ ናት። «የነርቭ ሐኪም ይያት፤ ስትሄጂም ስትወድቅ ያየ ሰው ይሂድ» አለች። እንግዲህ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ቤቱን ዘጋሁ።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ሐረጎን ስትወጡ አየሩ ሌላ አገር ይሆናል። እኛ በቲሸርት ተነስተን ደሴ በጋቢ ተቀበለችን፤ ጦሳ ላይ ጉም ተኝቷል። ክሊኒኩ ንጹሕ ነው፣ ወንበሩ በቂ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አለው። ስለ ቤቱ ሌላ የምለው የለኝም። ስለ አስተናጋጇ ግን አለኝ። ተራችን ሲደርስ በኮሪደሩ ሙሉ ድምፅ «የሚጥል በሽታዋ ታካሚ! ግቢ!» ብላ ተጣራች። ሃያ ሰው ዞሮ አየን። እህቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ካርድ ላይ ስም ተጽፏል፣ ቁጥርም ተጽፏል፤ በሽታ መጥራት ምን ያስፈልጋል? እኔ ደንበኛዬን «ፎረፎሯ ሴትዮ ነይ» ብዬ አልጣራም።

ሁለተኛው ስሞታዬ ሙያዬን የሚነካ ነው። ስልክ ደውዬ ቀጠሮ ስይዝ «ኢኢጂ ይሠራላታል፣ ነገ አምጪያት» አሉኝ እንጂ ስለ ፀጉር አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ደግሞ እህቴ ደሴ ድረስ ተጎሳቁላ አትሄድም ብዬ ማታውን ቅቤ ቀብቼ ቀጭን ሹሩባ ሠርቼላታለሁ። ባለሙያው አይቷት ሳቀ። ሽቦው የሚለጠፈው ራስ ቅል ቆዳ ላይ ነው፤ ቅቤና ቅባት ካለ አይዝም፣ ሹሩባውም መንገድ አይሰጥም። ስለዚህ የዚያን ቀን ሐኪሙን ብቻ አይተን፣ ለምርመራው በሦስተኛው ቀን ተመለስን። ሁለት ቀን፣ ሁለት ትራንስፖርት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይድን የነበረ።

ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከኩታበር የመጡ ናቸው። ልጃቸው ሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ ፌኖባርቢታል የሚባለውን ኪኒን ከጀመረ ወዲህ ዓመታት ሳይወድቅ ቆይቶ ነበር። በ2014ቱ ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ኪኒኑ አለቀ። «በአምስተኛው ቀን ምድጃ ላይ ወደቀብኝ» አሉኝና የልጁን እጅጌ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳ እንደ ተሸበሸበ ጨርቅ ነው። ሰው ሁሉ ይተላለፋል ብሎ ሸሽቶ፣ ከእሳት ያወጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ኪኒን በድንገት መቋረጡ ከመጀመሪያውም የባሰ፣ የማያቆም መንፈራገጥ ሊያመጣ እንደሚችል በኋላ ሐኪሙም ነገረን፤ እኔ ግን ያመንኩት ያንን ክንድ ያየሁ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ሐኪሙ። ገንዘቤን ያልቆጨኝ እዚህ ጋ ነው። ሰውየው አርባ ደቂቃ ጠየቀን። እኔ የዘመድ ሽማግሌ እንኳ ሲያጫጭ እንደዚያ ሲጠይቅ አላየሁም። መጀመሪያ እህቴን፦ ማታውን ተኝተሽ ነበር? ምን በልተሽ ነበር? ጫት? መጠጥ? የምታስታውሺው የመጨረሻ ነገር ምንድን ነው? በልጅነትሽ ከትኩሳት ጋር ወድቀሽ ታውቂያለሽ? ከቤተሰብ የሚወድቅ አለ? ጭንቅላትሽን ተመትተሽ ታውቂያለሽ? ከዚያ እኔን፦ ዓይኗ ክፍት ነበር ወይስ ጭፍን? አንገቷ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ነበር? መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው አንድ እጅ ነው ወይስ ሁለቱም? ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር? ምላሷን የነከሰችው ጫፉን ነው ጎኑን? ስትነቃ ወዲያው አወቀችሽ ወይስ ቆየች?

ለምን እንደሚጠይቅም ይናገራል። ሰው በሙቀት ወይ በረሃብ ወይ ደም አይቶ ራሱን ሲስት ይገረጣል፣ ያልበዋል፣ ለትንሽ ሰከንድ ሊንቀጠቀጥም ይችላል፤ ወለል ላይ እንደተኛ ግን ቶሎ ነቅቶ «ምን ሆንኩ?» ይላል። የሚጥል በሽታ ከሆነ ይጠቁራል፣ የምላሱን ጎን ይነክሳል፣ ከነቃም በኋላ ለብዙ ደቂቃ ግራ ይገባዋል። ሽንት ለሁለቱም ይሆናል፣ ስለዚህ ብቻውን አይለይም። ያ የኮምቦልቻው ሁለት ጥያቄ ትዝ አለኝ።

እኔ ግማሹን አላውቅም። ጉልበቷ ላይ ተቀምጬ ስጮህ ነበር እንጂ መች አየሁ? «ስንት ደቂቃ ቆየ?» ሲለኝ «ግማሽ ሰዓት» አልኩት፣ ምያለሁም። ፈገግ አለና «የቀረፀ ሰው አለ?» አለኝ። ያቺ ያባረርኳት ልጅ! እዚያው ሆኜ ደወልኩላት። አኩርፋለች፣ ግን በቴሌግራም ላከችው። ቪዲዮው 1 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ነው፤ ያ ሁሉ ዘመን የመሰለኝ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ አየው፤ ሦስተኛውን ድምፁን አጥፍቶ። ሁለቱም እጅ እኩል መሆኑን፣ ዓይኗ መከፈቱን አሳየን። መጨረሻ ላይ ማንኪያ የያዘችውን ጎረቤቴን እያመለከተ «ይቺ ሴት ጥርሷን ሳትሰብርላት እግዚአብሔር ነው የጠበቃት» አለ። ልጅቷን በማግስቱ ወደ ሥራ መለስኳት፣ ደሞዝም ጨመርኩላት። እንግዲህ ሰው ሲወድቅ ቅረፁ ማለቴ ነው፤ ለሐኪም እንጂ ለቲክቶክ አይደለም።

ካልኩት ሁሉ የበለጠችው ጥያቄ የመጣችው ልንነሳ ስንል ነው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን እየዘጋ እህቴን «ጠዋት ጠዋት፣ ከእንቅልፍሽ እንደተነሳሽ፣ ዕቃ ከእጅሽ ያመልጣል?» አላት።

ዝም አልን። እህቴ ወደ እኔ ዞረች፣ እኔም ወደ እሷ። «ሲኒ» አለች።

«ሲኒ ምን?»

«ሲኒ እሰብራለሁ። እጄ ብቻውን ነጠር ይላል። ደንባራ ስለሆንኩ ነው ይሉኛል።»

ሐኪሙ ተመልሶ ተቀመጠ። እጁን ነጠር አድርጎ «እንደዚህ?» አላት። «እንደሱ!» ሦስት ዓመት ሙሉ ስንስቅበት የኖርነው የሲኒ ነገር በሽታው ራሱ ነበር። ስሙ ረጅም ነው፣ ጁቬናይል ማዮክሎኒክ ኤፒሌፕሲ ይሉታል፤ በጉርምስና ዕድሜ የሚጀምር፣ ጠዋት ላይ እጅን የሚያስነጥር፣ እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ሰውን የሚጥል ዓይነት ነው። የሚጥል በሽታ አንድ በሽታ አለመሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ እንደ ፀጉር ብዙ ዓይነት አለው፣ ለአንዱ የሚሆን ቅባት ሌላውን ያደርቃል። ካርባማዜፒን ለሌላው ዓይነት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የእህቴን ዓይነት መነጠር ግን ሊያብሰው ይችላል። ያ ረከቦት በከንቱ አልወደቀም።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅ አልቀረሁም። «አንዴ የወደቀ ሁሉ የሚጥል በሽተኛ ነው?» አልኩት። አይደለም። በዓለም ላይ ከአሥር ሰው አንዱ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንዲህ ሊወድቅ ይችላል፤ አብዛኛው አይደገምበትም። በሽታ የሚባለው ያለ ሌላ ምክንያት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቆ ሲመጣ ነው፤ ወይም አንዴ ብቻ ወድቆም ምርመራውና ታሪኩ ሊደገም እንደሚችል አጥብቆ ሲያሳይ። ለእህቴ የሰርጉ ጠዋት የመጀመሪያ መስሎን ነበር እንጂ እያንዳንዱ ነጠር ማለት ራሱ ትንሽ ጥቃት ስለሆነ፣ ሲኒዎቹ ከዚያ በፊት ሲቆጥሩልን ኖረዋል።

ኢኢጂው በሦስተኛው ቀን ሆነ፤ በታጠበ፣ በተፈታ፣ ቅባት ባልነካው ፀጉር። ሥራውን እንደ ሙያተኛ ልመስክር። ባለሙያው ራሷን በሜትር ለካ፣ በቀይ እርሳስ ነጥብ አደረገ፣ በማበጠሪያ ጭራ ፀጉሯን እየከፈለ በነጭ ማጣበቂያ ሃያ ምናምን ሽቦ ለጠፈ። አከፋፈሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ልጁ እኔ ጋ ቢመጣ በማግስቱ እቀጥረዋለሁ። ሽቦው ወደ ራስ ምንም አይልክም፣ ከራስ የሚወጣውን ይጽፋል እንጂ፤ እናቴ ኮረንቲ ያስገቡባታል ብላ ስታለቅስ ስለነበር ነው ይህን የምጽፈው። አያምም። ዓይንሽን ክፈቺ፣ ጨፍኚ ይላታል። ከዚያ ሦስት ደቂቃ ከሰል እንደሚያቀጣጥል ሰው በኃይል እንድትተነፍስ፣ ቀጥሎ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ፊቷ ላይ። ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ አለቀ። ማጣበቂያው ግን በሁለት እጥበትም አልወጣም፤ ለብ ባለ ውሃና በኮንዲሽነር አለስልሳችሁ በጥሩ ማበጠሪያ አውጡት፣ በጥፍር አትፋቁ።

ውጤቱ፦ ኖርማል። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ያነበብኩት ያንን አንድ ቃል ነው። ደስ ይለኛል ስትሉ ተናደድኩ። «ኖርማል ከሆነች መድኃኒቱ ለምን? ካልሆነች ሰባት ሹሩባዬ ለምን?» አልኩት ዶክተሩን፣ እንዲሁ እንዳለ። አልተቆጣም። «ዛሬ ግማሽ ሰዓት ወደ ሰማይ አይተሽ ዝናብ አጣሽ። ደሴ ላይ ክረምት የለም ትያለሽ?» አለኝ። በሽታው እያለባቸው የመጀመሪያ ኢኢጂያቸው ንጹሕ የሚሆን ሰዎች ግማሽ ያህል ናቸው። ሲገኝ ዓይነቱን ለመለየት ይረዳል፣ ሲጠፋ ግን አያሰናብትም፤ የሚያጠራጥር ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ ጠዋት እንዲደገም ያደርግ ነበር። ለእህቴ ቪዲዮውና ሲኒው በቂ ነው አለ። ታዲያ ቀድሞ ለምን አላለኝም? ብሏል፣ እኔ አልሰማሁም፤ ማሽን ሲባል የሰው ጆሮ ይደፈናል።

ኤምአርአይ የሚባለውን የአንጎል ምስልም አላዘዘም። ጎረቤት ሁሉ አዲስ አበባ ካልወሰድሻት እያለ ነበር። የጥቃቱ አነሳስ ከአንድ ጎን ቢሆን፣ አንድ እጅ ወይ እግር ቢደክማት፣ የጭንቅላት ጉዳት ቢኖር፣ ወይም በሽታው በትልቅ ዕድሜ የጀመረ ቢሆን አዝ ነበር አለ፤ ታሪኩ እንዲህ ጥርት ሲል ግን ምስሉ የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው። ማዘዝ እየቻለ ያላዘዘ ሐኪም አይቼ አላውቅም፤ ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ይገባዋል።

መድኃኒት ላይ ሲደርስ እህቴን ብቻዋን ማነጋገር እችላለሁ ወይ ብሎ እኔን አስወጣኝ። ትንሽ ቅር አለኝ፣ በኋላ ሳስበው ግን ልክ ነው። ለዚህ ዓይነት በጣም የሚሠራው ቫልፕሮዬት የሚባለው ቢሆንም፣ ልጅ ልትወልድ በምትችል ሴት ላይ አይመርጡትም፤ በእርግዝና ጊዜ ፅንሱን በብርቱ ይጎዳል። ሌሎቹ ደግሞ፣ ካርባማዜፒንም ፌኖባርቢታልም፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ያዳክማሉ። ይህን የ19 ዓመት ልጅ እናቷና እህቷ ባሉበት እንዴት ትጠይቃለች? ሌቬቲራሲታም ጻፈላት፤ ጠዋት አንድ ማታ አንድ። የድሮውን በአንድ ቀን አትጣሉት፣ አዲሱን እየጨመርን እሱን እየቀነስን እናወጣዋለን ብሎ በሳምንት በሳምንት በአማርኛ ጻፈልን። የኩታበሯን እናት ልጅ አስቤ ፌኖባርቢታልን ለምን አልሰጠኸንም ስለው፣ ርካሽና ለብዙ ሰው የሚሠራ ነው፣ እንቅልፍና ድብታ ግን ያበዛል አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ይሰጣል አለ፤ ከአያቴ የሚበልጥ ኪኒን!

አዲሱ ኪኒን ያስቆጣል። ይህን አስቀድሞ ነግሮናል፣ ልክም ነበር፤ የመጀመሪያውን ወር እህቴ ለደንበኛ እንኳ ግንባሯን አልፈታችም። እየቆየ ቀለለላት። ንዴቱ ወደ ከባድ ሐዘን ከተለወጠ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ ብሎ አስጠንቅቆናል። ሌላው ጣጣ መገኘቱ ነው። የክሊኒኩ ፋርማሲ የለውም፤ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ እየጠየቅን ሦስተኛው ቤት አገኘን። አሁን ሁልጊዜ የሁለት ሳምንት ትርፍ ቤት አስቀምጣለሁ። የ2014ቱን ያየ ሰው እንዲህ ነው።

ከሐኪሙ ቀጥሎ ምስጋናዬ ለነርሷ ነው። እናቴን፣ እኔን፣ ያቺን ቀራጭ ልጅ ጭምር በሁለተኛው ቀጠሮ ሰብስባ ወለል ላይ ጋቢ አነጠፈችና እኔን አስተኛችኝ። ሰው ሲወድቅ ሰዓት እዩ። ዙሪያውን ስለታምና እሳት አርቁ፤ እኛ ቤት ፒያስትራ ማለት ነው። ራስጌው ላይ ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አንገት የሚያንቀውን ፍቱ። አትያዙት፣ አትጫኑት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪትም ሽንኩርትም አታሽትቱ፤ ጥቃቱ የሚቆመው በራሱ ጊዜ ነው፣ ክብሪቱ በመጨረሻው ሰከንድ ስለሚደርስ ያቆመው ይመስላል። መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት፣ እስኪነቃ አጠገቡ ሁኑ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ወይም እርጉዝ ከሆነች፣ ወይም ውሃ ውስጥ ከሆነ ወደ ሐኪም ቤት። በአረፋ አይተላለፍም፣ በትንፋሽም አይተላለፍም። እናቴ ይህን የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ አስደገመቻት።

ጠበሉን አልከለከሉንም። ሐኪሙ እናቴን «እማማ፣ ይሂዱ፣ ኪኒኑን ግን ይዘው ይሂዱ፤ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ብቻዋን አትግባ» አላቸው። የእናቴ ልብ እዚያ ጋ ነው የተከፈተው። ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባታችንን ጠየቅን፣ ኪኒን በውሃ ጾም አይሽርም አሉን። የፋሲካ ሌሊት ግን አላዳመጠችም፤ ቅዳሴ ቆማ አደረች፣ ጠዋት ዶሮ ወጥ ስታቀርብ ጭልፋው ነጠር ብሎ አመለጣት። አልወደቀችም፣ ያቺ ብቻ ናት። ሐኪሙ ስነግረው «ቆማ ትጸልይ፣ ግን ቀኑን አስቀድማ ትተኛ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ቢመጣም ባይመጣም ከማታው 4 ሰዓት በኋላ ፀጉር አትነካም። የከሰል ምድጃና የሌሊት ሥራ የእኔ ሆነዋል፤ ቡናውን እሷ ትቀዳለች።

ኮከብ ስጪ ከተባልኩ ለሐኪሙና ለነርሷ አምስት፣ ለአስተናጋጇ አንድ፣ ስልክ ለሚያነሳው ሰው ዜሮ፤ አንዴ ቀጠሯችንን ቀይረው ሳይደውሉልን ደሴ ደርሰን ተመልሰናል። ዋጋውን አስቀድማችሁ በግልጽ ጠይቁ፣ ካርዱ የኢኢጂውን አያካትትም። ሐኪሙ በየቀኑ ስለማይገባ ቀኑን አረጋግጡ። ሲወድቅ ያየውን ሰው፣ ቪዲዮ ካለም ቪዲዮውን፣ እስካሁን የወሰደውን ኪኒን ከነፓኮው ይዛችሁ ሂዱ። ደሴ ይበርዳል፣ ሹራብ ያዙ።

ከኮምቦልቻ ለኢኢጂ የምትሄድ ካለች ደግሞ ማታውን እኔ ጋ ትምጣ፤ ሹሩባዋን በነጻ ፈትቼ አጥቤ እልካታለሁ። ስትመለስ ለመሥራት ግን አስከፍላለሁ።